የአንኮበርን ጉም የሣልኩት እኔ ነኝ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ስሠራበት ከኖርኩት የምንጣፍ ሥራ ቤት ሰው መጥቶ በሬን ያንኳኳው አንድ ጊዜ ነው። እሱም ደኅንነቴን ሊጠይቅ አልነበረም። ሰናይት የምትባለው አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ናት፤ ልጅ እግር ናት፣ ሙዝ ይዛለች። ቤቴ ውስጥ የታመመ ሰው የለም። ሰው ሳይታመም ሙዝ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚፈልገው ነገር አለው።

"ማዘር፣ እንዴት ነዎት?" አለችኝ።

"አስካለ እባላለሁ።"

"ይቅርታ፣ እትዬ አስካለ። ወጣት ሴቶች ሰብስበን በፓስቴል መሣል ልናስተምር ነው። ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም አሉኝ።"

"ማን አለሽ?"

"ሁሉም።"

"ሁሉም የሚባል ሰው እዚያ ቤት ስሠራ አላጋጠመኝም።"

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ቀጥላ ዋናውን ነገር አመጣችው። ሥራ ቤቱ አዲስ የማሳያ አዳራሽ ሊከፍት ነው። መግቢያው ላይ ያ የአንኮበር ጧት የሚባለው ትልቁ ምንጣፍ ይሰቀላል። ከሥሩ የነሐስ ሰሌዳ ይደረጋል፤ ሰሌዳው ላይ "ንድፍ፦ ግዛቸው" ተብሎ ይጻፋል። እሱም የክብር እንግዳ ሆኖ ይመጣል። እኔም "ከሳቸው ጋር ስለ ሠሩ" ብገኝ ደስ ይላታል።

"ያንን ንድፍ የሣልኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

ቀስ ብላ፣ "ማስረጃ ይኖራል?" አለች።

"የለም።"

"እንግዲህ..."

"እንግዲህ ሙዝሽን ይዘሽ ሂጂ።"

ሙዙን ትታው ሄደች። እኔም በነጋታው ይህንን መጻፍ ጀመርኩ። የሥራ ዘመናቸውን የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ለአለቆቻቸው ምስጋና ያቀርባሉ። እኔ የማቀርበው የለኝም። የሥራ ቤቱንም ስም አልጠራም፤ ክስ የሚወድ ሰው አይጠፋም። ግዛቸው የምለው ሰውም ስሙ ግዛቸው አይደለም። ራሱን ግን ያውቃል።

አባቴ አንኮበር ከበግ ጠጉር ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ እየሠራ ነው ያሳደገን። የእጅ ባለሙያ ልጅ መሆን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀን ባናችንን የገዛው ጎረቤት ማታ ልጁን ከእኛ ደጅ ይጠራል። በዓይናችን እንዳንበላበት ነው። ሰውን አለማመን የተማርኩት ያኔ ነው፤ እስካሁንም አልጎዳኝም። ደብረ ብርሃን ሄጄ ምንጣፍ ሥራ ቤት ስቀጠር ሱፍ መልቀም ላይ መደቡኝ። ሥራው ቀላል ነው፤ የመጣውን ሱፍ በቀለሙ መለየት ነው። ነጩን ለብቻ፣ ግራጫውን ለብቻ፣ ቡናማውን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ ብናኙ አፍንጫ ይደፍናል። ደመወዙን አላነሣም።

አንድ ቀን ግዛቸው መጣ። ያኔ የንድፍ ክፍሉም የምርቱም ኀላፊ እሱ ነበር፤ ክራቫት ያሥራል፣ ሱፉ መካከል ሲሄድ ሱሪውን ከፍ ያደርጋል።

"ጥቁሩን ሁለት ቦታ የከመረው ማነው?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ይኼኛው ጥቁር አይደለም። ፀሐይ ላይ ሲያወጡት ይቀላል።"

ጭብጥ ሱፍ ይዞ ደጅ ወጣ። ሲመለስ ምንም አላለም። በሳምንቱ ወደ ሥዕል ቤት መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ማኅተሙ ብዙ፣ ጭማሪው ምንም።

አብራኝ ሱፍ የምትለቅም በላይነሽ የምትባል የመዘዞ ሴት ነበረች፤ ምላሷ ከሱፍ መቁረጫ ይሰላል። ደብዳቤውን አንብቤላት፣ "ሴት ልጅን ከሱፍ አንሥቶ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ አለቃ ለጽድቅ ብሎ አይደለም፤ ወይ አንቺን ፈልጎ ነው፣ ወይ በአንቺ ሰው ሊያስወጣ ነው" አለችኝ።

ሁለተኛውን ነበር። ሊያስወጣ የፈለገው የኔታ ክንፉን ነው።

የኔታ ክንፉ የሥዕል ቤቱ ብቸኛ ሠዓሊ ነበሩ። ከካህናት ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው፤ ቅኔ ቤት ገብተው ሳይጨርሱ እንደ ወጡ ይወራል። የኔታ ያላቸው የሥራ ቤቱ ሰው ነው፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በፌዝ። ምንጣፍ ከመሠራቱ በፊት ንድፉን ፓስቴል በሚባል ደረቅ የቀለም ዘንግ ይሥላሉ፤ ሠሪዎቹ ያንን ከፊታቸው ሰቅለው የሱፉን ቀለም ይመርጣሉ። ፓስቴል የተመረጠበት ምክንያት አለው። ውኃ ቀለም ይፈሳል፣ ዘይት ቀለም ያንጸባርቃል። ፓስቴል ግን እንደ ሱፍ ደረቅና ለስላሳ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ያየኸው ምንጣፉ ላይ ይገኛል።

የመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ አቆሙኝ።

"ማን ላከሽ?"

"አቶ ግዛቸው።"

"ምን ምን አይተሽ እንድትነግሪው?"

"መሣል እንድማር ነው።"

"ሁለቱም ያው ነው" አሉና አስገቡኝ።

የቀለም ሳጥኑን ቁልፍ ከማዕተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያሥሩ ነበር። ሲከፍቱት ውስጡ ያለው የትምህርት ቤት ጠመኔ መሰለኝ። ደግሞም ይመስላል፤ ግን ጠመኔ ሲጽፉበት ይጭራል፣ ይኼ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ገና ሲነኩት ጣት ላይ ይቀራል። አንዱን ይሰጡኛል፣ ስጨርስ ይቀበሉኛል፣ ሌላውን ይሰጡኛል። ሁለት ቀለም በአንድ ጊዜ በእጄ ይዤ አላውቅም። ልሰርቃቸው የመጣሁ ይመስላቸው ነበር። እኔ ደግሞ ሆን ብለው ሊያደነቁሩኝ ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ ያሣሉኝ ዳመና ነው። የሲሚንቶ ከረጢት የውስጡን ወረቀት ቀድደው ሰሌዳ ላይ ወጠሩልኝ። ሰማያዊውን ጫን ብዬ ቀባሁ፣ ነጩን ከላዩ ደረብኩ፣ ከዚያ በጣቴ አሸሁት።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እያዋሃድኩት።"

"ሊጥ ነው?"

"አይደለም።"

"እንግዲያ አታቡኪው።"

ዳመናዬ የእንፋሎት ድስት ክዳን መስሎ ነበር። ወረቀቱን በጥፍራቸው ዳበሱትና፣ "ይኼ ሻካራነቱ እንደ ሱፍ ማበጠሪያ ነው። ዱቄቱን የሚይዝልሽ እሱ ነው። በጣትሽ ካደፈንሽው የሚቀጥለው ቀለም ምን ላይ ይቀመጣል?" አሉኝ። ነገሩ ገብቶኛል፤ የተናገሩበት ድምፅ ግን እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሣልኩት ጠረጴዛ ላይ የተከመረ ነጭ ሱፍ ብቻ ነው። ነጩን ቀለም እስኪሰጡኝ ጠበቅሁ። አልሰጡኝም።

"የኔታ፣ ነጩ?"

"ምን ይሠራልሻል?"

"ሱፉ ነጭ ነው።"

"ማነው ነጭ ነው ያለሽ? ዓይንሽን ጨፈን አድርጊና እዪው።"

ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ቆምኩ። በመስኮቱ በኩል ያለው ጎኑ ሰማያዊ ነው። ከሥሩ፣ ጠረጴዛው የሚነካው፣ ወደ ቢጫ ያደላል። እጥፋቱ ውስጥ ጢስ የመሰለ ሐምራዊ አለ። በመጨረሻ የሽምብራ ፍሬ የምታህል የነጭ ስባሪ መዳፌ ላይ አኖሩና፣ "አሁን ብርሃኑ በጣም የመታውን ብቻ ንኪው፤ ሁለተኛ አትድገሚ" አሉኝ። ነካሁት። ሱፉ ከወረቀቱ ላይ ተነሣ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ልቤ ዘለለ፤ ለሳቸው ግን አላሳየሁም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሰሌዳው ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ብናኙ ወደ ታች እንጂ ሥዕሉ ላይ እንዳይቀመጥ። ብናኙን እፍ ማለት ክልክል ነው፤ የምራቅ ጠብታ ካረፈበት ነጥብ ይሆናል፣ ነጥቡም አይለቅም። ሰሌዳውን ከጀርባው በጣት መታ መታ ነው የሚደረገው። ጥቁሩ ይቀድማል፣ ደማቁ መጨረሻ ይመጣል። ሲመሽ የቆሸሹትን ቀለሞች ፍርሽካ በሞላበት ጣሳ ውስጥ ይነቀንቋቸዋል፤ ፍርሽካው እድፉን ይወስድላቸውና ንጹሕ ሆነው ይወጣሉ። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ በቃል አልነበረም፤ እየነጠቁኝ ነው።

አንድ ነገር ግን አላስተማሩኝም። ፓስቴል ዱቄት ነው፤ ሥዕሉ ካለቀ በኋላም በክንድ ቢነካ ይጠፋል። ስለዚህ ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያሲዝ ነገር ያስፈልጋል። ያ ነገር ባንድ ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ነበር። አፉ ላይ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ተጋጥመዋል። ሥዕል ሲያልቅ የኔታ፣ "ደጅ ቆዪ" ይሉኛል። በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል፤ እንደ እባብ ሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማል። ስገባ ሥዕሉን ብነካውም አይለቅም። ክፍሉ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ይሸታል። ምንድነው ብላቸው፣ "በቃ አይለቅም፤ ምን ቀረሽ?" ይሉኛል።

ለበላይነሽ ነገርኳት።

"ደብተራ ናቸዋ!" አለች እጇን አፏ ላይ ጭና። "ጠርሙሱን እንዳትነኪ። ሁልጊዜ ያደርጉታል?"

"ሁልጊዜ አይደለም። ረቡዕና ዓርብ አይነኩትም። ሥዕሉ ቢያልቅም ያሳድሩታል።"

"ይኸው! ቀን ይመርጣሉ። ቀን የማይመርጥ መድኃኒት አለ? እኔ ብሆን በዚያ ክፍል ውኃም አልጠጣ።"

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ክፍል ውኃ አልጠጣሁም። ረቡዕና ዓርብ እየጾምኩ ረቡዕና ዓርብን እየቆጠርኩ፣ ምክንያቱ ከአፍንጫዬ ሥር ሆኖ አላየሁትም። የሚጠረጥር ሰው ሩቅ ነው የሚያየው።

በዚህ መካከል አዲስ አበባ ላይ ትልቅ አዳራሽ የሚያሠሩ ሰዎች ምንጣፍ ሊያዝዙ ነው ተባለ። ግዛቸው ሥዕል ቤት መጥቶ፣ "አገር የሚያሳይ ነገር ይሁን፤ ተራራ፣ ጧት፣ እንዲህ ያለ" አለ። የየኔታ እጅ በዚያ ዓመት መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ ሰፊ ነገር መሣል አይችሉም። ለኔ ሰጡኝ። አንኮበር ሄጄ ዘመድ ቤት ሰነበትኩ። ጧት ጧት ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ አየሁ። ጉሙ ከቆላው በኩል ይነሣል፤ መጀመሪያ ገደሉን ይሞላዋል፣ ከዚያ በጽዱ መካከል እየሾለከ ወደ ላይ ይወጣል። ልጅ ሳለሁ ጉም ነጭ ይመስለኝ ነበር።

ደብረ ብርሃን ተመልሼ ሣልኩት። ከሥር የጽዱን ጥቁር አረንጓዴ አስቀመጥኩ። ተራራዎቹን አንዱን ከአንዱ ጀርባ ወደ ሰማያዊ እያጠፋሁ ሄድኩ። ጉሙን ስደርስ ቀለሙን በጎኑ አስተኝቼ ከመዳፌ ክብደት ያነሰ ነካሁት። ብዙውን ቦታ ወረቀቱን ራሱን ተውኩት። እዚያ ጉም የሚመስለው ያልቀባሁት ነው።

የኔታ ወደ በሩ ተመለሱና ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩት። ከዚያ ጥቁሩን ቀለም ከሳጥኑ አውጥተው ሰጡኝ።

"ምን ጎደለው?" አልኩ።

"ስምሽ። ከጥጉ ላይ ጻፊ።"

ጻፍኩ። እሳቸው ቆመው እያዩኝ ነው የጻፍኩት። ይህ ነገር ይያዝልኝ።

"እንግዲህ ጠርሙሱን ያድርጉበት" አልኳቸው።

"አሁን አይሆንም። ከፋሲካ በኋላ።"

ሁዳዴ ነበር፤ ደብረ ዘይት እንኳ ገና አልዋለም። ለምን ብላቸው፣ "ከፋሲካ በኋላ አልኩሽ" ብለው ሳጥኑን ቆለፉ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ታየኝ፦ ቀንተዋል። ትእዛዙ እስኪያልፍ ሊያቆዩት ነው። ልጅቷ በለጠች እንዳይባል።

ግዛቸው የመጣው የኔታ ለሰርክ ቅዳሴ ወጥተው ሳለ ነው።

"አልቋል እንዴ? ጉድ ነው!" አለ፤ አፉን ከፈተ። "ነገ ጧት ይዤው እሄዳለሁ።"

"የኔታ ገና ነው ብለዋል።"

"የኔታ መቼ አልቋል ብለው ያውቃሉ? ስጪኝ።"

ሰጠሁት። ዛሬም በዚያን ቀን ቦታ ብቆም፣ የማውቀውን ያህል ብቻ እያወቅሁ፣ እሰጠው ነበር። ብቻ፣ "ላዩን አይንኩት፣ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ይዘውት ይሂዱ" አልኩት። "እሺ" አለ። በመስኮት ሳየው ግን እንደ ጋዜጣ ጠቅልሎ በሲባጎ ሸብ አድርጎት መኪናው ኋላ ወረወረው።

አዲስ አበባ ላይ ሰዎቹ ፊት ሲዘረጋው ምን እንደ ወጣ መገመት አያስቸግርም። ጽዱ ሰማዩ ላይ ወጥቷል፣ ተራራው ወርዷል፣ ጉሙ አንድ ወጥ እድፍ ሆኗል። ሰዎቹ ሳቁ አሉ። ተመልሶ ወረቀቱን ፊቴ ላይ ጣለው። "አዋረድሽኝ!" አለ። መጠቅለሉን አላነሣም። በማግሥቱ ወደ ሱፍ መልቀም ተመለስኩ።

"መጣሽ?" አለችኝ በላይነሽ። "ቀለሙ አለቀ? ወይስ ደብተራው በሉሽ?"

ጭብጥ ሱፍ አንሥቼ መለየት ጀመርኩ። እሷም አይታኝ ቀልዷን ዋጠች፤ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ፋሲካ ዋለ። በሳምንቱ የኔታ ወደ ሱፍ ክፍል መጡ። እዚያ ገብተው አያውቁም፤ ሴቶቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። "ነይ" አሉኝ። ሥዕል ቤት ስንገባ በሩን ከውስጥ ቀረቀሩና ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"አሽቺው።"

ፈራሁ። ግን አሸተትኩት።

"ወተት?"

"ቅባቱ ተገፎ በውኃ የቀጠነ ወተት። ሌላ ምንም የለበትም። በአንደኛው ቱቦ ስትነፊ በሌላኛው ይወጣና እንደ ካፊያ ያርፍበታል። ሲደርቅ ዱቄቱን ይዞ ይቀራል።"

"ታዲያ በጾሙ..."

"ስትነፊ ከንፈርሽ ላይ ይመለሳል። በሁዳዴ ወተት ወደ አፌ ላስጠጋ?"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "ለምን አልነገሩኝም?"

"ነግሬሽ ቢሆን ለማን ትነግሪ ነበር?"

"ለማንም።"

"እኔም ለማንም አልተናገርኩም" አሉ። ከዚያ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ወደዚህ ያስገባሽ እሱ ነው። ወተት መሆኑን ባወቀ ማግሥት እኔ ምን አደርግለታለሁ? እጄ እንደሆነ ይኸው" ብለው የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን አሳዩኝ።

እኔ መድኃኒተኛ ናቸው ስል፣ እሳቸው ሰላይ ናት ሲሉ፣ ሥዕሉ በመካከላችን ጠፋ። የተጠቀመው ሦስተኛው ነው።

ሥዕሉን እንደገና ሣልኩት። በምሳ ሰዓት እየመጣሁ፣ ጣቴን ከሱፍ ቅባት በአመድ እያጠብኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ጉሙ ውስጥ የመጀመሪያው ላይ ያላየሁት የጮራ ፍንጣቂ ገባበት። ስሜን ከጥጉ ላይ ጻፍኩ። የኔታ ጠርሙሱን አቀበሉኝ። "ራቅ ብለሽ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳትቆሚ" አሉኝ። ነፋሁት። አንድም ቅንጣት አልረገፈም። እሳቸው ራሳቸው ለግዛቸው ወሰዱለት።

ቀጥሎ ሥዕሉን ያየሁት ምንጣፍ ሠሪዎቹ ክፍል ተሰቅሎ ነው። የቀኝ ጥጉ በመቀስ ተቆርጧል። ወተቱ ይዞት ስለነበር ስሜን መጥረግ አልተቻለማ። ከግርጌው በቀለም እስክሪብቶ የግዛቸው ፊርማ አለበት።

ቢሮው ገባሁ። "አቶ ግዛቸው፣ ሥዕሉ የኔ ነው" አልኩት።

"ዝም በይና ወደ ሥዕል ቤት ተመለሺ" አለኝ፤ ራሱን ከወረቀቱ ሳያነሣ። "ወይ ደግሞ ተዪው፣ ሱፉ አለ።"

ተመለስኩ። እንጀራ ነው። ግን ከሳቸው መልስ ፈልጌ ነበርና የኔታን ጠየቅኋቸው፤ "ስሜን ስጽፍ ቆመው አይተዋል። አንድ ቃል ይናገሩልኝ።"

"ልጄ፣ ጡረታዬ ደርሷል" አሉ። የፍርሽካውን ጣሳ ይዘው ቀለሞቹን መነቅነቅ ጀመሩ፤ ሁሉም ንጹሕ ነበሩ።

እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነገሩን ባደባባይ ስብሰባ ላይ አነሣሁ። በወሩ ሰላ ድንጋይ ተመደብኩ። ሥራዬ ለገጠር ሠሪዎች ንድፍ ማንበብ ማስተማር ነው ተባለ፤ ንድፍ አልነበረም፣ ወረቀት አልነበረም፣ አንድ በረዶ የሚመስል ክፍል ነበር። ከዚያ ደነባ፤ እዚያ ያለው ኀላፊ ከግዛቸው ጋር በስልክ ያወራ ስለነበር በሄድኩበት ወሬዬ ይቀድመኝ ነበር። ደነባ ላይ ደኅና ሴቶች አስተምሬአለሁ፤ ይህን አልክድም። ደብረ ብርሃን ስመለስ ሥዕል ቤቱ ተዘግቶ ንድፉ ከአዲስ አበባ በኮምፒዩተር ታትሞ ይመጣ ነበር። የቀረኝን ዘመን የታተመ ወረቀት ስሰቅልና ሳወርድ ጨረስኩት። የኔታ ሲሞቱ ቀብራቸው ሄድኩ። አላለቀስኩም፤ አልሄድኩም እንዳይባል ነው የሄድኩት።

ይኼን እዚህ ድረስ ጽፌ ሳለ ሰናይት ደወለች። ግዛቸው አዳራሹን ቀድሞ ሊያይ ስለሚመጣ፣ ሻይ እንድንጠጣ ጠራችኝ። ወጥመድ ነው አልኩ። እኔን አስታርቃ፣ ፎቶ አንሥታ፣ ሰሌዳዋን ልትሰቅል ነው። ሄድኩ፤ የሄድኩት ዓይኑን ለማየት ነው።

ከዘራ ይዟል። ክራቫቱን ግን አልተወም።

"አስካለ! አለሽ እንዴ?"

"ሞታለች ብለውዎት ነበር?"

"ኧረ እግዜር አይበለው! ይህች ልጅ እኮ ድሮም ነገረኛ ናት" አለ ወደ ሰናይት ዞሮ። እኔ እርስዎ ማለቴን አልተውኩም። አክብሬው ሳይሆን አፌ ስለለመደው ነው።

ሰናይት ሻዩን ቀዳችና ሳትዞር ጠየቀችው። "ጋሼ፣ እትዬ አስካለ ንድፉ የኔ ነው ይላሉ።"

"በሥዕል ቤቱ የተሠራ ሁሉ የሥዕል ቤቱ ነው። ኀላፊው እኔ ነበርኩ።"

"ኀላፊ ነበሩ" አልኩት። "ጉሙን ማን ሣለው?"

"አሁን በስተርጅና ይኼን..."

"ጉሙን ማን ሣለው ነው ያልኩት።"

ከዘራውን መሬቱ ላይ መታ። "አንቺ የመጀመሪያውን አበላሽተሽብኝ ሰው ፊት ተዋርጃለሁ! ከዚያ ወዲያ ሁለተኛውንም የሣለችው እሷው ናት ብዬ ባቀርበው ማን ይቀበለኝ ነበር? ስምሽ ጠፍቶ ነበር እኮ! በኔ ስም ባይገባ ምንጣፉም አይሠራም ነበር። ውለታ ነው የዋልኩልሽ!"

ሰናይት ብርጭቆዋን አስቀመጠች። እሱ ግን የተናገረውን ገና አልሰማውም ነበር። ቀስ እያለ ነው የሰማው፤ ፊቱ ላይ አየሁት።

የተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ይህንን የምለው አዝኜለት አይደለም። በዚያ ሰሞን ስሜ ያለበትን ወረቀት ማንም በእጁ አይነካም ነበር። እኔም ስንት ሌሊት ይህንኑ ለራሴ ብዬ ተኝቻለሁ። ግን ከዚያ በኋላ ምንጣፉ ተሠርቶ፣ ተመርቆ፣ ተጨብጭቦለት፣ ስንት ዘመን አለፈ።

"እሺ" አልኩት። "ከተሠራ በኋላስ?"

"ከተሠራ በኋላማ..." አለ። ሻዩን ማማሰል ያዘ። ስኳሩ ድሮ ሟሙቷል።

ሰናይት ደጅ ድረስ ሸኘችኝ። ሰሌዳው ላይ "ንድፍ፦ አስካለ፣ ኀላፊ፦ ግዛቸው" ብንለውስ አለችኝ።

"ለኀላፊው ሌላ ግድግዳ ፈልጊለት።"

"ያስተማሩዎት የኔታ ክንፉ ናቸው ይላሉ፤ የሳቸው ስምስ?"

መንገድ ላይ ቆሜ አሰብኩ። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዝም ያሉብኝም እሳቸው ናቸው። "አይግባ" አልኳት። "ስለ እሳቸው ጽፌአለሁ፤ ይበቃቸዋል።"

አዳራሹ ሲመረቅ ግዛቸው አልመጣም፤ ታመመ አሉ። ሙዝ አልወሰድኩለትም። ሰሌዳው የኔን ስም ብቻ ይዞ ተሰቅሏል፤ በማጣበቂያ አይሆንም ብዬ በቡሎን አስመታሁት። ማስተማሩንም እሺ ብያለሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ልጃገረዶቹ የመጀመሪያው ቀን ሁሉም በጣታቸው አሹት። ወተቱን ግን አልደበቅሁባቸውም፤ ምን እንደሆነና በየትኛው ቀን እንደማይነፋ ገና ሳይጠይቁኝ ነገርኳቸው።

የቡሎኑ መፍቻ ያለው የሥራ ቤቱ ሰዎች ጋ ነው። ስለዚህ ወደ ክፍሌ በጓሮ በር መግባት ስችል በዋናው በር ነው የምዞረው። ምንጣፉ ሥር ቆሜ ስሜን ፊደል በፊደል አነበዋለሁ፣ ቡሎኑን በጥፍሬ ገፋ አደርገዋለሁ። እስከ ትናንት ድረስ አለ።